ሰርቨሩ አለ፣ መንገዱ የለም

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ማክሰኞ ጠዋት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ፣ የምናገለግለው የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ያለበት ሰርቨር አውሮፓ ውስጥ በጤናው እየሠራ ነበር። አልተበላሸም፣ መብራት አልጠፋበትም፣ ማንም አልነካውም። የአባላቱ ቁጠባ፣ ብድሩ፣ ወለዱ፣ የዋሶቹ ስም ሁሉ እዚያው በየመዝገቡ ተቀምጧል። እኛ ግን ፒያሳ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለ አሮጌ ሕንፃ ፎቅ ላይ ቁጭ ብለን ልናየው አንችልም። የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል።

በዋዜማው ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገድሎ ነበር። በተከታዮቹ ቀናት በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ከመቶ በላይ ሰው ሕይወቱን አጥቷል፤ ቤትና ንብረት ተቃጥሏል። ስለ ኮምፒውተር መከራ የምናገረው ይህን ሳልረሳ ነው። ሰው ልጁን በሚቀብርበት ሳምንት የኔ ጭንቀት ከቁጥር አይገባም። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ብር በእጅጉ ያስፈለጋቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሱቁ የተሰበረበት፣ ለቀብር የሚሄድ፣ ልጆቹን ወደ ዘመድ ቤት የሚያሸሽ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የቆጠቡት ገንዘብ የተመዘገበው እኛ በሠራነው ፕሮግራም ውስጥ ነው። ምስክርነቴን የምሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዕለቱ ወርኃዊው ጊዮርጊስ ነበር። የኮቪድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ገና አልተነሳም፤ ነጠላ ያጣፉ እናቶች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ከአጥሩ ውጭ ተራርቀው ይጸልያሉ። በምኒልክ ሐውልት ዙሪያ ፀጥታ አስከባሪዎች ቆመዋል። ሱቆች አልተከፈቱም፣ ታክሲም የለም ማለት ይቻላል። እኔ ሰፈሬ ቅርብ ስለሆነ በእግሬ ቢሮ ደረስኩ። ስልክ ይሠራ ስለነበር ገና ደረጃውን ሳልወጣ የማኅበሩ የሒሳብ ኃላፊ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ሲስተሙ እምቢ አለኝ። የኔ ኮምፒውተር ነው ወይስ የሁሉም?»

«የሁሉም ነው እትዬ። ኢንተርኔቱ ነው የጠፋው።»

«መቼ ይመጣል?»

«አይታወቅም።»

ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው ደረሰኙን በእጅ እየቆረጥኩ እቀጥላለሁ። ብሩን ፈልጎ የሚመጣውን ሰው ግን ምን ያህል አለው ብዬ ነው የምከፍለው? አንተ መላ በል» አሉኝ።

ከዚያ በፊትም ኢንተርኔት ሲቋረጥ አይተናል። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በፈተና ሰሞን ተዘጋ፤ ከሰኔ 15ቱ የከፍተኛ ባለሥልጣናት ግድያ በኋላም እንደገና ተዘጋ። ያኔ ግን በቀናት ውስጥ ሲመለስ ስላየን ሁላችንም እየጠበቅን አሳለፍነው። የ2012ቱ ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። የቆየውም ሒሳብ በሚዘጋበት ወቅት ላይ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በጃቫ ፕሮግራም የሚሠራ ባለሙያ በራሱ እጅ የሚጽፈው ከጠቅላላው ሥራ ጥቂቱን ነው። ከዳታቤዝ ጋር የሚያነጋግረውን፣ ሪፖርቱን በፒዲኤፍ የሚያወጣውን፣ የይለፍ ቃሉን የሚመሰጥረውን ኮድ ሌሎች ሰዎች ጽፈው በነፃ ለቀውታል። እነዚህ ጃር የሚባሉ ጥቅሎች ናቸው። የትኛው ጥቅል፣ ስንተኛው እትሙ እንደሚያስፈልግህ ፖም በሚባል ፋይል ውስጥ ትጽፋለህ፤ ሜቨን የሚባለው መሣሪያ ያን አንብቦ ሜቨን ሴንትራል ከሚባለው ዓለም አቀፍ ማከማቻ ያወርድልሃል። ጥቅሉ ግን ብቻውን አይመጣም። ለሠርግ የጠራኸው ሰው ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ አማቱንና የአማቱን ጎረቤት አስከትሎ እንደሚመጣው ነው። ፖሙ ላይ ሃያ ጽፈህ ሲወርድ ብታየው መቶና ከዚያ በላይ ይሆናል።

ብዙ ጀማሪዎች የማያውቁት ደግሞ ሜቨን ራሱ ባዶ እጁን መምጣቱን ነው። ኮዱን ኮምፓይል የሚያደርገው፣ ቴስቱን የሚያስኬደው፣ በመጨረሻ ጃሩን የሚያሽገው ፕለጊን ሁሉ መጀመሪያ በተፈለገበት ቅጽበት ከኢንተርኔት ይወርዳል። አንዴ የወረደው በኮምፒውተርህ ላይ ኤም ቱ በሚባል ስውር ፎልደር ይቀመጥና በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ ይነሳል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት የሥራችን ዕጣ የተንጠለጠለው በየላፕቶፑ ኤም ቱ ውስጥ በተጠራቀመው ላይ ነበር።

የኛ አሠራር በጊዜው ዘመናዊ የሚባለው ነበር። ኮዱን ጽፈን ስንልክ ክላውድ ላይ ያለ ማሽን ይቀበለዋል፤ ራሱ ቢልድ ያደርጋል፣ ቴስቱን ያስኬዳል፣ ካለፈ ሰርቨሩ ላይ ይጭነዋል። የሌሊት ባክአፑም እዚያው ክላውድ ላይ ይቀመጣል። ሰው መሃል ስለማይገባ ስህተት ቀንሶልን ነበር፤ አሁንም ቢሆን አውቶማቲክ ማድረጉን አልኮንንም። ሰንሰለቱ ግን ከመጀመሪያው ቀለበት እስከ መጨረሻው ከአገር ውጭ ነበር።

ሲስተሙን እንደገና ፒያሳ ላይ ለመትከል ወሰንን። ኮዱን ማግኘት ቀላል ነበር፤ የኮድ ታሪክ መዝጋቢው ጊት ሙሉ ታሪኩን በእያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ሰኞ ማታ የመጨረሻውን ለውጥ ያወረደችው ባልደረባችን ገርጂ ካለው ቤቷ ላፕቶፗን ይዛ ስትመጣ ሁለቱን ማሽኖች በኬብል አገናኝተን ቀዳነው። ዳታውንም በተመለከተ እግዚአብሔር ይስጣቸውና የሒሳብ ኃላፊዋ ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ባክአፕ በፍላሽ ካላመጣችሁልኝ የሚሉ ሰው ናቸው። የሰኔ 20ው መሳቢያቸው ውስጥ ተቆልፎበት ተገኘ። የቀረው የሰኞው ነው፤ እሱም በደረሰኝ ቅጠል ላይ አለ።

መከራው ጥቅሎቹ ጋ ነው። በኮቪድ ምክንያት ከመጋቢት ጀምሮ ሁሉም ከየቤቱ ይሠራ ስለነበር አንዳችንም ሙሉው አልነበረንም። የሪፖርት ክፍሉን የሚሠራው ልጅ የሪፖርቱን ጥቅሎች ይዟል፣ የብድሩን የምትሠራው የብድሩን። ሙሉው ያለው ክላውድ ላይ ካለው የቢልድ ማሽን ዘንድ ብቻ ነው። መንገዱ የሚረጋጋበትን ሰዓት እየጠበቅን፣ ኮልፌ የሚኖረውን ባልደረባችንን ጨምሮ፣ የእያንዳንዱን ኤም ቱ ሰበሰብን። እዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ነገር ልንገራችሁ፦ ኤም ቱ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ስላሉት እንዳለ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ሰዓታት ይፈጃል፤ መጀመሪያ አንድ ላይ አሽጎ አንድ ፋይል አድርጎ መቅዳት ነው የሚያዋጣው።

ሁሉንም በአንድ ማሽን ላይ ደራርበን ሜቨንን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አዘዝነው። ቆመ። የለም የሚለው ጥቅል ፎልደሩን ስንከፍተው አለ፤ መጠኑም ሙሉ ነው። እንደገና ብናዝዘው ያንኑ መለሰ። ያ ሌሊት ያስጨነቀኝን ያህል ሌላው አላስጨነቀኝም፤ ዓይንህ የሚያየውን ነገር መሣሪያው የለም ሲልህ የምትይዘው የምትጨብጠው ይጠፋሃል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ አልፎ አልፎ የመኪና ድምፅ ከመሰማቱ በቀር አራዳ ጭር ብሏል፣ ፍለጋ የሚገባበት ገጽ የለም፣ የሚጠየቅ ሰው የለም። ያለን የራሳችን ማስታወስና በዲስክ የተቀመጡ ጥቂት መጻሕፍት ናቸው።

ነገሩን ያገኘችው የገርጂዋ ባልደረባችን ናት። ከእያንዳንዱ ጃር አጠገብ ሜቨን አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል፤ በውስጡ ጥቅሉ ከየትኛው ማከማቻ እንደመጣ በስም ይጽፋል። የኮልፌው ልጅ ቅንብሩ ላይ ለማከማቻው የሰጠው ስም ከኛ ይለያል። ሜቨን ሦስት ከወጣ ጀምሮ ይህን ያመሳክራል፤ ስሙ ካልገጠመ ጥቅሉ እያለም እንደሌለ ይቆጥረዋል። እነዚያን የምንጭ ፋይሎች በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ሰረዝናቸው። ቀድሞ ማውረድ ከሽፎ የቀሩትን የ«አልተገኘም» ማስታወሻዎችም አብረን አጠፋን። ኮዱ ኮምፓይል ሆነ። ወንበር ላይ እንደተቀመጥን ተቃቀፍን፤ ኮቪድም ትዝ አላለን።

ደስታው ቴስት ላይ ሲደርስ ቆመ። ቴስቱን የሚያስኬደው ሹርፋየር የሚባል ፕለጊን ነው። ፕለጊኑ አለ፤ ነገር ግን የቴስት መጻፊያውን ጄዩኒትን የሚያነጋግርለትን ቁራጭ ቴስቱ በሚጀምርበት ቅጽበት ነው የሚያወርደው። ሁሉን አስቀድሞ ለማውረድ የተሠራው የሜቨን ትእዛዝ እንኳ ይህን ቁራጭ ይዘልለዋል። እኛ በየላፕቶፓችን ቴስት የምናስኬደው በኮድ መጻፊያው በኩል ስለሆነ፣ እሱ ደግሞ የራሱ ማስኬጃ ስላለው፣ ሹርፋየር ከማናችንም ማሽን ላይ ያን ቁራጭ ጠይቆ አያውቅም።

ቴስቱን ዝለለው የሚል ትእዛዝ አለ፤ አንዲት ቃል ናት። ከመካከላችን «ኮዱ እኮ ባለፈው ሳምንት ክላውድ ላይ ፈተናውን አልፏል፣ ምን ያስቸግረናል?» ያለ ነበር። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ ሁላችንም ደክመናል። እኔ እምቢ አልኩ። ያለፈው ክላውድ ላይ በነበሩት ጥቅሎች ነው፤ አሁን የያዝነው ከየቤቱ የተለቃቀመ ነው። ቴስቶቹም ለወግ የተጻፉ አይደሉም። የወለድ ስሌታችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ ጳጉሜን የሚሻገር ብድር፣ ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት፣ ከመክፈያው ቀን ያለፈ ሰው ቅጣት፣ እያንዳንዱ በቴስት ተይዟል። ያን ሳላይ የሰው ገንዘብ ላይ ቁጥር አልጽፍም አልኩ።

መፍትሔው ከታች መጣ። የሕንፃው ጥበቃ ጋሼ፣ ሌሊቱን መብራታችን ሲበራ አይተው ሻይ ይዘውልን ሲመጡ ምን እንደምንፈልግ ጠየቁን። «የእህቴ ልጅ እኮ ኮምፒውተር ነው የሚማረው። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ሠራተኛ ሰፈር ቤቱ ተቀምጧል» አሉ። በማግስቱ ልጁ ላፕቶፑን አቅፎ መጣ። የመመረቂያ ሥራውን የኛም ፕሮግራም በተሠራበት የጃቫ ማዕቀፍ፣ በስፕሪንግ ቡት፣ ጀምሮታል። ስፕሪንግ ቡት አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት ፕሮግራሙ መነሳቱን ብቻ የምትፈትሽ አንዲት ቴስት ራሱ ይጨምራል፤ አብዛኛው ሰው አይነካትም፣ አያጠፋትም። ልጁ ፕሮጀክቱን ባሸገ ቁጥር ያቺ ቴስት ትሄዳለች፤ እሷ እንድትሄድ ሹርፋየር ቁራጩን አውርዶለታል። የልጁ ሹርፋየር 2.22.2 ነበር። የኛን ፖም ወደዚያ እትም ቀየርነው፣ ከሱ ኤም ቱ ቁራጩንና ተከታዮቹን ቀዳን፣ ቴስቱ መሄድ ጀመረ።

አንዱ ወደቀ። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ የተወሰደ ብድር፣ ጳጉሜን ተሻግሮ የሚከፈል፣ ወለዱ በአንድ ቀን ጎደለ። በዚያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ነበረች፤ የመጣልን ውጤት አምስት ብሎ ቆጥሯታል። ምክንያቱን ስንከተል ቀን የሚያሰላው የራሳችን ጥቅል ላይ ደረስን። የታረመው እትሙ የወጣው ወደ ክላውዱ ማከማቻ ብቻ ነው፤ በኮልፌው ላፕቶፕ የነበረው ከእርማቱ በፊት የነበረው ነው። የጥቅሉን ኮድ ከጊት አውጥተን እዚያው ማሽን ላይ ቢልድ አደረግነውና በአሮጌው ቦታ ተካነው። ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ቃሏን ጽፈን ዘልለነው ቢሆን ኖሮ ጳጉሜንን የተሻገረ ተበዳሪ ሁሉ ወለዱ የተሳሳተ ሆኖ ዓመቱ ይዘጋ ነበር፤ ማንም ሰው በዓይኑ አያገኘውም።

የቀረው ፈጣን ነው። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ በአንዱ ላፕቶፕ ላይ፣ ፕሮግራምን ከነአስፈላጊው አሽጎ በሚያስኬደው ዶከር ውስጥ ነበር፤ በፋይል አውጥተን ወደ ማኅበሩ ቢሮ ወስደን አስነሳነው። የስፕሪንግ ቡት ጃር የድር ሰርቨሩን በሆዱ ስለያዘ ጃቫ ካለ ሌላ አይጠይቅም። የቢሮው ኮምፒውተሮች በኬብል ተገናኝተው የቅዳሜው ባክአፕ ተጫነ። የሒሳብ ኃላፊዋ መነጽራቸውን አድርገው የሰኞውንና ከዚያ ወዲህ ያለውን ደረሰኝ አንድ በአንድ እያነበቡልን አስገባን። ሰልፍ ላይ ከነበሩት አባላት አንዱ መርካቶ ጨርቅ የሚነግዱ አዛውንት ናቸው። ሒሳባቸው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ እትዬ ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡላቸው፤ «ልክ ነው፣ እኔም እሱን ነው የያዝኩት» አሉ። ሰኔ 30 ሒሳቡ እዚያው ተዘጋ።

ሐምሌ ውስጥ ኢንተርኔቱ መመለስ ሲጀምር፣ መጀመሪያ በመስመር የሚገባው፣ ከዚያ የሞባይሉ፣ አንድ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። ክላውዱ ላይ ያለው ሰርቨር ማንም ሳያየው ሰኔ 30 እኩለ ሌሊት ላይ በተሰጠው የጊዜ ትእዛዝ መሠረት ዓመቱን ራሱ ዘግቶታል። በየአባሉ መዝገብ ወለድ ጽፏል፤ የሚያውቀው ግን እስከ ሰኞ ሰኔ 22 ያለውን ብቻ ነው። ሁለት የተዘጋ ዓመት በእጃችን ላይ ሆነ። የደረሰኝ ቁጥሮቹ ባይኖሩ የትኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት በጣም በተቸገርን ነበር። የክላውዱን የሌሊት ሥራ ሽረን፣ ሰኞ በሲስተም የገባውን በወረቀት ከገባው ጋር አመሳክረን፣ የፒያሳውን ወደ ላይ ላክነው። ከዚያ ወዲህ ዓመት የሚዘጋ ትእዛዝ ሰው «አዎ» ሳይለው እንዳይሄድ አድርገናል።

ማከማቻም በቢሯችን ተከልን። ኔክሰስ የሚባል፣ በነፃ የሚገኝ እትም ያለው ፕሮግራም ነው፤ ሁላችንም ጥቅል የምንጠይቀው እሱን ነው፣ እሱ ከሌለው ከሜቨን ሴንትራል ያመጣና ቅጂውን ያስቀራል። የዶከር ምስሎችንም እዚያው ያኖራል። ቢልዱንም ጄንኪንስ የሚባል መሣሪያ እዚሁ ያካሂዳል፤ ክላውዱ የሚቀበለው ያለቀውን ነው። በየጊዜው ኬብሉን ነቅለን ከባዶ ኤም ቱ ሙሉ ቢልድ እናካሂዳለን። ያ ሕንፃ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ፈረሳ ሲነካው ከቢሮው መጀመሪያ የወጣው ያ ማሽን ነው።

የማከማቻውን ጥቅም በሌላ ወገን ያየነው በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነው። ሎግ ፎር ጄይ በተባለው፣ ዓለምን በሞሉ የጃቫ ፕሮግራሞች ውስጥ ባለ ጥቅል ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኘ፤ የውጭ ሰው አንድ መስመር ጽሑፍ ልኮ ሰርቨሩን ሊያዝበት ይችላል። ማስተካከያው 2.15.0 ወጣ፣ አልበቃም ተብሎ 2.16.0፣ ከዚያ 2.17.0፣ ከዚያ 2.17.1፤ ሁሉም በዚያው ወር። ብዙ ድርጅት ጥቅሉ የት የት እንደተደበቀ በመፈለግ ሲደክም፣ የኛ ሁሉ ጥቅል በአንድ በር የገባ ስለሆነ ያለበትን ክፍል እዚያው ቀን አገኘን። እትሙን ቀየርን፣ ጳጉሜን ያለችበት ቴስት ሁሉ አለፈ፣ ጫንነው።

ኢንተርኔት ግን ከዚያም ወዲህ ተቋርጧል። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ከዓለም ተለይታ ኖረች። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት ጠፍቶ ቆየ። ባሕር ዳርና ጎንደር ያሉ ወጣት ፕሮግራመሮች በዚያ ጊዜ እንዴት እንደሠሩ ሳስብ ያመኛል፤ እኛ ቢያንስ በእግር የሚደረስ ጎረቤት ነበረን።

ስለዚህ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል ያላችሁ ዩኒቨርሲቲዎችን እለምናለሁ፦ በየግቢያችሁ አንድ ማከማቻ ትከሉ። ሜቨን ሴንትራልን በሙሉ መቅዳት አያስፈልግም፤ ተማሪዎቻችሁ ሲጠይቁ የሚመጣው እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ መካከለኛ ሰርቨርና ሰፊ ዲስክ ይበቃዋል። የፓይተኑንና የጃቫስክሪፕቱንም አብሮ ይይዛል። ለመጀመሪያው ስንቅ የኛን ቅጂ ባዶ ሃርድ ዲስክ ይዞ ለመጣ ሁሉ እንሰጣለን። የሠራተኛ ሰፈሩ ልጅ አሁን ከኛ ጋር ነው የሚሠራው፤ ቀድቶ የሚያስረክበው እሱ ነው።